አልከፍትም ያለው የቴፒ መጋዘን

ቴፒን በአካል ከማየቴ በፊት ሦስት ወር ሙሉ አውቃት ነበር፤ ስድስት ቀይ ነጥብ ሆና። አዲስ አበባ ቢሮዬ ተቀምጬ ስክሪኑን ስከፍት የሌሎቹ ሕንጻዎች ነጥብ አንዴ አረንጓዴ አንዴ ቢጫ ይሆናል፤ የቴፒው የቡና መጋዘን ግን ስድስቱም ነጥብ ጠዋትም ቀይ፣ ማታም ቀይ። ቀይ ማለት እርጥበት በዝቷል ማለት ነው። እርጥበት የበዛበት ቡና ይሻግታል፣ የሻገተን ቡና ደግሞ ገዢ ዞር ብሎ አያየውም።

እንግዲህ ሥራዬን ልንገራችሁ። ሕንጻ እጠብቃለሁ፤ ዱላ ይዤ ሳይሆን በሴንሰር። የክብሪት ሳጥን የምታክል ዕቃ ግድግዳ ላይ እንሰቅላለን፤ ሙቀቱን፣ እርጥበቱን፣ የመስኮቱን መከፈትና መዘጋት እየለካች በስልክ መስመር ለኮምፒውተራችን ትነግራለች፤ ኮምፒውተሩ አገናዝቦ መብራት ያጠፋል፣ ማራገቢያ ያስነሳል። በአዲስ አበባ ፎቆች አብዛኛው ሰው ይህን ሥራችንን የሚያውቀው ሽንት ቤት ተቀምጦ መብራት ሲጠፋበትና በጨለማ እጁን ሲያወናጭፍ ብቻ ነው። ቴፒ ላይ ማራገቢያ የለም፤ መስኮቶቹም የሚከፈቱት በሰው እጅ ነው። ስለዚህ ኮምፒውተሩ ለመጋዘኑ ኃላፊ በስልካቸው አጭር መልእክት ይልካል፦ «ክፈት»፣ «ዝጋ»።

የመጋዘኑ ኃላፊ ጋሽ ጴጥሮስ ይባላሉ። ክፈት ሲባሉ ዘግተው ይቆያሉ፣ የሚከፍቱት ራሳቸው በመረጡት ሰዓት ነው። ይህን የነገሩን መስኮቶቹ ላይ የገጠምናቸው ማግኔቶች ናቸው። መጋዘኑ የገበሬዎች ማኅበር ነው፤ የማኅበሩ ሥራ አስኪያጅ በስልክ «ሰውየው ከማሽን ጋር እልህ ተጋብቷል» ብሎናል፤ ሊያሰናብታቸው ቆርጧል፣ ለደንቡ ያህል የባለሙያ ሪፖርት ብቻ ነው የቀረው። እሱን ጽፌ እንድመጣ ተላክሁ። ጋሽ ጴጥሮስ ከወጣትነታቸው ጀምሮ እዚያ እንደሠሩ፣ የሚኖሩትም በመጋዘኑ ግቢ፣ በማኅበሩ ቤት እንደሆነ አስቀድሞ ተነግሮኛል። ሥራው ከሄደ ቤቱም ይሄዳል ማለት ነው። እውነቱን ለመናገር አላዘንኩላቸውም፤ ሦስት ወር ሙሉ ቀይ ሲያሳየኝ በከረመ ሰው ተናድጄ ነበር የተነሳሁት።

የመጀመሪያው ቀን፦ ከአዲስ አበባ ጅማ

ከመናኸሪያ ስንወጣ ገና አልነጋም። አጠገቤ የተቀመጠችው ሴት የሚዛን ነጋዴ ናት፤ ከመርካቶ የፕላስቲክ ሳፋ ጭና ነው የምትመለሰው። አውቶቡሱ ጣሪያ ላይ ሳፋው ነፋስ በመታው ቁጥር ይንኳኳል፣ እሷም ቀና ብላ ታዳምጣለች፤ ድምፁ ካቆመ አንዱ ወድቋል ማለት ነው። ወሊሶ ላይ ቁርስ ስንበላ ምን እንደምሠራ ጠየቀችኝና በሰፊው አብራራሁላት። ስትሰማኝ ቆይታ «እንግዲያ ቤቱ ሲከፋው ላንቺ ይነግርሻል ማለት ነው» አለች። ይህን ሥራ በስንት ስብሰባ ላይ በስንት ሥዕል አስረድቻለሁ፤ እንዲህ ቶሎ የገባው ሰው አላጋጠመኝም።

የጊቤን በረሃ ወርደን ወጥተን፣ ጅማ የገባነው ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ነው። ያደርኩበት አልጋ ቤት ንጹሕ ነው፣ ባለቤቷም ሰው አክባሪ ናቸው፤ ግን ሶኬቱ ከኮርኒሱ ሥር ነው። ላፕቶፔን ለመሰካት አልጋው ላይ ወንበር፣ ወንበሩ ላይ እኔ ቆምን። ከዚያ በኋላ የሆነውን መገመት አያቅትም፤ ደግነቱ የወደቅሁት ፍራሽ ላይ ነው። በድምፁ ደንግጠው የመጡትን ባለቤቷን ይህን ሶኬት ማን እዚያ ሰቀለው ብላቸው፣ ቤቱ ሲሠራ ልጆቻቸው ትንንሽ ስለነበሩ ጣታቸውን እንዳይከቱበት ብለው መሆኑን ነገሩኝ። ልጆቹ አድገው ዩኒቨርሲቲ ገብተዋል፤ ሶኬቱ እዚያው ቀርቷል። ሕንጻ የሠሪውን ፍርሃት ይዞ እንደሚኖር እስከዚያ ቀን አስቤው አላውቅም ነበር። ሴትዮዋ ከራሳቸው ክፍል ማራዘሚያ አምጥተው ሰጡኝና እየሳቁብኝ ሄዱ።

ሁለተኛው ቀን፦ ከጅማ ሚዛን

ከጅማ ወዲያ አገሩ ሌላ ነው። ቦንጋን አልፈን የውሽውሽ ሻይ ማሳ ላይ ስንደርስ ጉሙ መንገዱ ላይ ወረደና ሾፌሩ በቀን መብራት አበራ። እኔ የአዲስ አበባ ልጅ ነኝ፤ እርጥበት ለእኔ ስክሪን ላይ ያለ ቁጥር ነበር። እዚያ ግን የሹራቤ እጅጌ ራሰ፣ የላፕቶፕ ቦርሳዬ ዚፕ አላበው፣ በኪሴ የያዝኩት ሶፍት ሙሽሽ አለ። ሳፋ ነጋዴዋ «ይህ እኮ ገና መግቢያው ነው» አለችኝ።

ሺሺንዳ ሳንደርስ ጎማችን ፈነዳ። መለዋወጫው ሲወርድ እሱም አየር የለውም። ሾፌሩ በሰው ሞተር ሳይክል ተፈናጥጦ ወደ ከተማው ሄደ፣ እኛ ዝናብ ላይ ቀረን። ወዲያው ከመንገዱ በላይ ካለ ቤት አንዲት እናት ወጥተው በእጃቸው ጠሩን፤ ሃያ ምናምን ሰው ነን እያልን ስናቅማማ እንደገና ጠሩን። ገባን። ከልጃቸው ጋር በአገሩ ቋንቋ በካፊኖኖ፣ ከእኛ ጋር በአማርኛ እያወሩ የተቀቀለ ጎደሬ በዳጣ አቀረቡ፤ ቀጥለውም የቡና ቅጠል ከዝንጅብልና ከሚጥሚጣ ጋር አፍልተው በቅል ሰጡን። ጆሮዬ ድረስ አቃጠለኝ፣ ብርዱም ለቀቀኝ።

የሥራ ነገር ሆኖብኝ ቤቱን አየሁት። ግድግዳውና ጣሪያው አይገናኙም፤ በመካከላቸው እጅ የሚያሾልክ ክፍተት ዙሪያውን አለ። ጨው በትንሽ ቅል ከምድጃው በላይ ተሰቅሏል። ክፍተቱ ዝናብ አያስገባም ወይ ብላቸው፣ ከሚገባው ዝናብ የሚወጣው እርጥበት ይበልጣል አሉኝ። እኔ የምኖረው ኮንዶሚኒየም ስድስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ነፋስ ይገባል ብዬ የመስኮቱን ዙሪያ በሲሊኮን ደፈንኩት፤ በዓመቱ ከቁም ሳጥኑ ጀርባ ግድግዳው ጠቆረ። ያኔ ያደረግሁት ሲሊኮኑን ማንሳት አይደለም፤ ግድግዳው መጥቆሩን የሚነግረኝ ሴንሰር ነው የሰቀልኩት። ይህን ለሴትዮዋ አልነገርኳቸውም።

ጎማው ከሁለት ሰዓት በኋላ ተሠራ። ሚዛን ስንገባ መሽቶ ነበር፤ ነጋዴዋ ሳፋዋን ቆጥራ አንድም እንዳልጎደለ ካረጋገጠች በኋላ፣ እሷ ቤት አላድርም በማለቴ ተቆጥታኝ ተለያየን።

ሦስተኛው ቀን፦ ከሚዛን ቴፒ

ጠዋት በባጃጅ ወደ ማኅበሩ ቢሮ ሄድኩ። ሥራ አስኪያጁ አቶ ሙሉጌታ ይባላል፤ ትልቅ ቴሌቪዥን ግድግዳው ላይ ሰቅሎ የእኛን ስክሪን ከፍቶበታል። የቴፒ ስድስት ነጥቦች እዚያም ቀይ ናቸው። ክፉ ሰው ይሆናል ብዬ ነበር፣ አይደለም። ባለፈው ዓመት በሌላ መጋዘን ቡና ሻግቶባቸው ገበሬው ፊት የቆመው እሱ ነው። ስለዚያ ቀን ሲያወራ ድምፁ ይወርዳል። ዘንድሮ ገዢው ቡናውን ከማንሳቱ በፊት የመጋዘኑን የእርጥበት መዝገብ አሳዩኝ ብሏል፤ በቀይ ነጥብ ማን ይገዛል? ጋሽ ጴጥሮስን ድሮ ያከብራቸው እንደነበር ነገረኝ፤ አሁን ግን ለአንድ ሰው እልህ ብሎ የገበሬውን የዓመት ልፋት እንደማይጥል አስረግጦ ተናገረ። ሪፖርቱን በሦስት ቀን አምጪልኝ አለኝ። ትክክል ነው ብዬ ወጣሁ።

የቴፒው ሚኒባስ በሸኮ በኩል እየተጠማዘዘ ሲወርድ ሙቀቱ ጨመረ። የወረድኩበት ቦታ ላይ ረጅም፣ ቀጭን ሽማግሌ፣ እግራቸው የላስቲክ ቦት፣ እጃቸው ትልቅ ጥቁር ጃንጥላ፣ ቀጥ ብለው ወደ እኔ መጡና ቦርሳዬን ተቀበሉኝ። ጋሽ ጴጥሮስ ናቸው። በከተማው ትልቅ ስብሰባ ስላለ አልጋ ሁሉ መያዙን፣ እሳቸው ዞረው ማጣራታቸውን፣ ቤታቸው ውስጥ የተዳሩት ልጆቻቸው ክፍል መነጠፉን ነገሩኝ። ማርያምን፣ መግባት አልፈለግሁም! ስለ ሰው እንጀራ ልጽፍ መጥቼ የዚያኑ ሰው እንጀራ እንዴት እበላለሁ? ሦስት አልጋ ቤት ራሴ ደወልኩ፤ እንዳሉት ሆነ።

ባለቤታቸው እትዬ አስቴር በር ላይ ተቀበሉኝ። ቤቱ ውስጥ ያልተሸፈነ ዕቃ የለም፤ ቴሌቪዥኑ ዳንቴል ለብሷል፣ ሬዲዮው ዳንቴል ለብሷል፣ የውሃ ጄሪካኑ እንኳ ክዳኑ ላይ ትንሽ ዳንቴል አለው። የቀረበው ቆጮ፣ ማር፣ ቦዬ የሚባል የተቀቀለ ሥርና የዶሮ ቅቅል ነው። ጋሽ ጴጥሮስ ከመብላታችን በፊት ዓይናቸውን ጨፍነው ጸለዩ፤ በቤንችኛ ጀምረው፣ እኔ እንዲገባኝ ነው መሰለኝ፣ በአማርኛ ጨረሱ። የእንግዳችንን ሥራ አቅናላት አሉ። የመጣሁበትን ጉዳይ ያውቁ ነበር፤ ሥራ አስኪያጁ አልደበቃቸውም።

አራተኛው ቀን፦ መጋዘኑ ውስጥ

መጋዘኑ ረጅም የቆርቆሮ ቤት ነው፤ ጆንያው በእንጨት ርብራብ ላይ እስከ ጣሪያው ተደርድሯል፣ መስኮቶቹ ከላይ ናቸው፣ በረጅም ዘንግ ይከፈታሉ። ሴንሰሮቹን ፈለግሁ፤ አጣኋቸው። ግድግዳው ላይ የሚታየኝ በየቦታው የተሰቀለ ነጭ ነገር ነው፤ ስድስት። ጠጋ ብዬ ሳየው ዳንቴል ነው። ዳንቴሉን ገለጥኩ፤ ከሥሩ ፌስታል በላስቲክ ታስሯል። ፌስታሉን ፈታሁ፤ ከሥሩ የኔ ሴንሰር፣ ላብ በላብ ሆና።

ሳቄ አመለጠኝ። ጆንያ ላይ ተቀምጬ እስኪበቃኝ ሳቅሁ፤ ቀና ስል ግን ጋሽ ጴጥሮስ አብረውኝ አልሳቁም። ፊታቸው ላይ ያለውን አይቼ አፈርኩ። ዕቃዎቹን የሰቀሉት የቢሮአችን ሁለት ባለሙያዎች ሥራቸውን ጨርሰው ሲሄዱ «ጋሽ ጴጥሮስ፣ አደራ! እንዳይበላሽ» ብለዋቸው ነበር። ሌላ ምንም አላሉም። የቡና ገለባ አቧራው ብዙ ነው፣ ጣሪያውም አልፎ አልፎ ያንጠባጥባል። እሳቸው በፌስታል ጠቀለሉት፤ እትዬ አስቴር ደግሞ የመሥሪያ ቤት ዕቃ እንዲህ ተራቁቶ አይቀመጥም ብለው ስድስት ዳንቴል ሠሩለት። ቅዳሜ ቅዳሜ እየፈቱ በደረቅ ጨርቅ ይወለውሏቸዋል።

«አደራ በላ ከምባል ብሞት ይሻለኛል» አሉኝ።

እናቴ ቤት የቴሌቪዥኑ ሪሞት ከተገዛበት ቀን ጀምሮ ፌስታል ውስጥ ነው፤ ቁጥሮቹ በፌስታሉ ላይ ተፍቀው አልቀዋል። የሳሎኑ ወንበር ላስቲክ እኔ ከተወለድኩ አልተነሳም። በዚህ ቤት ያደግሁ ሰው ዕቃ አሰቅዬ፣ እንዳትሸፍኑት የሚል አንድ መስመር አለመጻፌ ነው የገረመኝ። ፌስታል ውስጥ የታሰረ እርጥበት የት ይሄዳል? ሦስት ወር ሙሉ የቴፒን መጋዘን አይደለም ያየሁት፤ ስድስት ፌስታል ነው። ሁሉንም ፈታሁ። እየቆየ ስልኬ ላይ ነጥቦቹ አንድ በአንድ ወደ አረንጓዴ ሄዱ፤ እትዬ አስቴርም ዳንቴሎቻቸውን አጥፈው ወሰዱ።

ለአለቃዬ ደውዬ ስነግረው ደስ አለው። ጥፋተኛው ታወቀ፣ «ሴንሰሮቹ በመጋዘኑ ኃላፊ ተሸፍነው ተገኝተዋል» ብለሽ ጻፊና ነይ አለኝ። እውነት ነው፤ አንድ ቃል ሐሰት የለበትም። ይህች ዓረፍተ ነገር ብቻዋን ሚዛን ከደረሰች ግን ጋሽ ጴጥሮስ ከማኅበሩ ቤት እንደሚወጡ እኔም አለቃዬም እናውቃለን።

ደግሞ አንድ ያልገባኝ ነገር ነበር። ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ዝናቡ አባርቶ ፀሐይ ወጣ፤ የጋሽ ጴጥሮስ ስልክ ጮኸ፤ «ክፈት»። ሽፋኑ ተነስቷል፣ ሴንሰሮቹ እውነቱን ነው የሚናገሩት፣ ትእዛዙ ግን ያው ነው። እሳቸው መልእክቱን አይተው ወደ በሩ ሄዱ፤ ከበሩ ውጭ፣ ጥላ ሥር፣ ሸክላ ሳህን ላይ ጨው አለ። በጣታቸው ነኩትና አሳዩኝ፤ ጨዉ ረጥቧል። ዝናብ ካባራ በኋላ ፀሐይ ሲመታው ግቢው እንደሚተን፣ ያን ጊዜ መስኮት መክፈት እንፋሎቱን ለቡናው ማጠጣት እንደሆነ ነገሩኝ። ወደ ግቢው አየሁ፤ እውነትም ሣሩ ላይ ጭስ የመሰለ ነገር ይነሳል። አልከፈቱም፤ እኔም ይክፈቱ ለማለት ድፍረት አጣሁ።

አምስተኛው ቀን፦ ከቆርቆሮው ሥር

በማግስቱ በእጅ የሚያዝ መለኪያዬን ይዤ ግቢውን ስዞር ዋልኩ። ውስጥ ካሉት ስድስቱ ሌላ ሰባተኛ ሴንሰር ውጭ አለች፤ የውጭውን አየር የምትለካው እሷ ናት፣ ኮምፒውተሩ ውጭው ከውስጡ ከደረቀ ክፈት ይላል። ዝናቡ እንደ ትናንቱ አባራ፤ ግቢው መሃል ስለካ አየሩ እርጥብ ነው፣ ከጨዉ ጋር ይስማማል። ሰባተኛዋ ሴንሰር ግን በጣም ደርቋል ትላለች። መሰላል ላይ ወጣሁ። የተሰቀለችው በምዕራብ በኩል፣ ከቆርቆሮው ሥር ነው፤ ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ቆርቆሮውን ያግለዋል፣ እሷ የምትለካው የጋለ ብረት አጠገብ ያለውን አየር ነው። እጄን አስጠጋሁ፤ ይፋጃል።

ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ይሏል ይሄ ነው። ማን እዚህ ስቀሉ አላቸው? እኔ። አዲስ አበባ ቁጭ ብዬ፣ በስልክ የተላከልኝን ፎቶ አይቼ፣ ሰባት ክብ በቀይ እስክሪብቶ ያከበብኩ እኔ። ሥዕሉ ላይ ፊርማዬ አለ። ጋሽ ጴጥሮስ እንደታዘዙት በየቀኑ ከፍተው ቢሆን ኖሮ መጋዘኑ በሙሉ የግቢውን እንፋሎት ይጠጣ ነበር። ከየጥጉ ጆንያ ቡና አውጥቼ ለካሁ፤ ሁሉም ደረቅ ነው፣ አንድም ሽታ የለውም። ቡናውን ያዳነው አለመታዘዛቸው ነው።

ሰባተኛዋን ወደ ሰሜኑ ግድግዳ፣ ጥላ ወዳለበት አዛወርኩና አለቃዬ ጋር ደወልኩ። ቀጥሎ ያለውን ያለው በክፋት አይደለም፣ ሥራ ስለሚያስጨንቀው ነው፤ ማኅበሩ ለሌሎቹ መጋዘኖቹም ሊያሠራን ነው፣ ያቺን ሴንሰር አዛውረሻል፣ ተስተካክሏል፣ ዝም በይ አለኝ። ሽፋኑን ግን ጻፊ።

አመሻሹ ላይ በረንዳቸው ላይ ተቀምጠን ሁሉንም ነገርኳቸው፤ የኔንም የሳቸውንም፣ አለቃዬ ያለኝንም። እትዬ አስቴር የሚሠሩትን ትተው ያዳምጣሉ። እንዲያው አዘኔታዬ በልጦብኝ፣ የሸፈኑትን ነገር ከሪፖርቱ ላወጣው እችላለሁ አልኳቸው። ጋሽ ጴጥሮስ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ጻፊው» አሉኝ። «ሸፍኛለሁ፤ ባለማወቅ ነው፣ ግን ሸፍኛለሁ። በሐሰት የተረፈ ቤት ውስጥ እንዴት አድርጌ እጸልያለሁ?»

እትዬ አስቴር ወደ ግቢው ዞሩ። ከዚያ ቤት ስድስት ልጅ ድረዋል። ሰውየው ስለ ራሳቸው እየተናገሩ የኔን በር ነው የዘጉት። የራሳቸውን ጥፋት ጻፊ ያሉኝን ሰው፣ የራሴን ደብቄ በየትኛው ዓይኔ አያቸዋለሁ? ሪፖርቱን ያን ምሽት መብራት ሳይሄድ ጻፍኩት፤ አንድ ገጽ ነው።

ስድስተኛው ቀን፦ እንደገና ሚዛን

ጋሽ ጴጥሮስ ኮት ለብሰው፣ የላስቲክ ቦት ጫማቸውን አጥበው አብረውኝ መጡ። አቶ ሙሉጌታ አስቀመጠንና ሪፖርቱን እንዳነበው ጠየቀኝ። ሴንሰሮቹ መሸፈናቸውን አነበብኩ፤ ፊቱ ጠቆረ። ቀጥዬ የውጭው ሴንሰር በስህተት ቦታ መሰቀሉን፣ ቦታውን የመረጥኩት እኔ መሆኔን፣ ሦስት ወር ሙሉ የተላኩት የክፈት ትእዛዞች ስህተት መሆናቸውን፣ ቡናውን የጠበቀው የኃላፊው ልምድ መሆኑን አነበብኩ። አቶ ሙሉጌታ ወረቀቱን ተቀብሎ ለራሱ ደግሞ አነበበውና ወደ ጋሽ ጴጥሮስ ዞረ።

«ትእዛዙ ስህተት መሆኑን እያወቁ ሦስት ወር ሙሉ ለምን አልነገሩንም?»

«ነግሬአችኋለሁ እንጂ» አሉ ጋሽ ጴጥሮስ። «ዝም ስትሉኝ፣ እንግዲህ ንቀውኛል አልኩ።»

ከኮታቸው ኪስ ስልካቸውን አውጥተው አቀበሉት። ባለ ቁልፍ ትንሽ ስልክ ናት። አቶ ሙሉጌታ አየና ለእኔ አሻገረልኝ። ከእያንዳንዱ «ክፈት» ሥር መልስ አለ። «እንደምን ዋላችሁ። ዝናቡ አሁን ነው ያባራው፣ ግቢው ይተናል፤ ብንቆይ ይሻላል። ጴጥሮስ።» በማግስቱም ሌላ፣ ከዚያም ሌላ፤ ሰላምታ ያልቀደመበት አንድም የለም። ከእያንዳንዱ ጎን ትንሽ ቀይ ምልክት አለች። መልእክቱ አልሄደም ማለት ነው። የኛ ቁጥር መልእክት ይልካል እንጂ አይቀበልም፤ ሥርዓቱን ስንሠራ መልስ ያስፈልጋል ብሎ ያሰበ ሰው አልነበረም። እኔም አላሰብኩም።

ይህን ስነግራቸው ጋሽ ጴጥሮስ ስልኩን ተቀብለው ምልክቷን ትክ ብለው አዩዋት። አቶ ሙሉጌታ «ጋሼ፣ ወደ ሥራዎ ይመለሱ» አለ፤ ተነስቶም እስከ በሩ ሸኛቸው። እኔን አልሸኘኝም። የሌሎቹ መጋዘኖች ሥራ ይታሰብበታል አለኝ፤ ይህ በቢሮ ቋንቋ ምን ማለት እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። ጋሽ ጴጥሮስ ውጭ ቆመው ይጠብቁኝ ነበር። እትዬ አስቴር የላኩልኝን ቁንዶ በርበሬና አንድ ትልቅ አናናስ ሰጡኝና በሁለት እጃቸው ጨብጠውኝ ሄዱ።

መልስ

በመመለሻው ጅማ አላደርኩም፤ ሌላ መኪና አግኝቼ በአንድ ቀን ገባሁ፤ አናናሱ መንገዱን ሁሉ ሲሸተን መጣ። አለቃዬ ሳምንት ሙሉ አኮረፈኝ። ከዚያ በኋላ ግን የጠየቅሁትን ፈቀደ፤ ቁጥራችን መልእክት እንዲቀበል አስደረግሁ፣ ሥርዓቱም ማዘዙን ትቶ የለካውን እየነገረ እንዲጠይቅ አድርጌ እንደገና ጻፍኩት። ብዙ አልወሰደም፤ የሁለት ቀን ሥራ ነው። ሦስት ወር ሙሉ አንድ ሽማግሌ ለባዶ ቁጥር ሰላምታ ሲያቀርቡ የከረሙት ይህች የሁለት ቀን ሥራ ባለመሠራቷ ነው።

የመጀመሪያውን ጥያቄ ለማሽኑ አልተውኩትም፤ በእጄ ጻፍኩ። «ጋሽ ጴጥሮስ፣ እንደምን አደሩ። ዛሬ መስኮቱ ይከፈት ወይስ ይቆይ?» ላክሁና ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ ቁጭ ብዬ ጠበቅሁ። ሌላ ሥራ አልሠራሁም። ትንሽ ቆይቶ ስልኩ ጮኸ።

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ እንደምን አደርሽ ልጄ። ገና ነው። ከምሳ በኋላ ጠይቂኝ። ጴጥሮስ።»